ኢሜይል አልገባ ሲል፦ የራሳችሁን ሜይል ሰርቨር ከፊት በር እስከ ጓዳ መፈተሽ

ለጥምቀት ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ማታ ላይ ስልኬ ጮኸ። ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው እትዬ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ኢሜይል ሞተ እንዴ? ፈረንጆቹ ሦስት ጊዜ ጻፍን ይላሉ። እኔ ጋ አንድም የለ።»

ጎንደር ለጥምቀት አልጋ ተፈልጎ የሚታጣባት ከተማ ናት። በዚያ ሰሞን መልስ ያላገኘ ኢሜይል ማለት ሌላ ቤት ያደረ እንግዳ ማለት ነው። ሰርቨሩን የተከልኩላቸው ደግሞ እኔው ነኝ። ደንግጬ ላፕቶፔን ከፈትኩና ያገኘሁትን ሁሉ መነካካት ጀመርኩ። ዲኤንኤሱን፣ የዶሜይን ስምን ወደ ሰርቨር አድራሻ የሚመራውን መዝገብ፣ ቀየርኩ። ፋየርዎሉን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ሰርቨሩን ሦስቴ አጥፍቼ አስነሳሁት። አራት ሰዓት ሄደ። ችግሩ ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ምን እንደነበር ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ከዚያች ማታ ወዲህ አንድ ልማድ ይዣለሁ፦ ኢሜይሉ የትኛው በር ላይ እንደቀረ ሳላውቅ አንድም መስመር ኮንፊግ አልነካም።

ፋሲል ግቢ 12 በሮች አሉት። ፊት በር፣ ወምበር በር፣ እምቢልታ በር እየተባለ እያንዳንዱ በስሙና በተገልጋዩ ይጠራል። የሚመጣላችሁ ኢሜይልም እንደዚያው በር በበር ነው የሚያልፈው። የላኪው ሰርቨር መጀመሪያ ዲኤንኤስን «የዚህ ዶሜይን ፖስታ የሚቀበለው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ኤምኤክስ ሪከርድ ይባላል። ሪከርዱ የሰጠውን ስም ወደ አይፒ አድራሻ ይቀይርና ፖርት 25 ላይ ያንኳኳል። ፊት በር ይቺ ናት። ፖስትፊክስ የሚባለው ፖስታ ተቀባይ ፕሮግራም ከፍቶ «ማን ነህ? ለማን መጣህ?» ይለዋል። ቀጥሎ አርስፓምዲ ስፓም መሆን አለመሆኑን ይመዝናል። ወምበር በር በሉት፣ የዳኞቹ። ያለፈውን ዶቭኮት ተቀብሎ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጣል። ስልካችሁ በፖርት 993 ገብቶ የሚያነበው ከዚያ ነው።

ኡቡንቱ ወይም ደቢያን ላይ እነዚህን ሦስቱን እንደምትጠቀሙ ቆጥሬ ነው የምጽፈው። ትእዛዞቹን እንደምንጠራቸው ጽፌአቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል አስገቧቸው።

መጀመሪያ ላኪውን ጠይቁ

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ወደ የትኛው አድራሻ ላካችሁ? መቼ? ተመልሶ የመጣላችሁ መልእክት አለ?

አድራሻውን ፊደል በፊደል አስነብቧቸው። ጎንደርን በላቲን ሲጽፏት አንዱ ከ«ዲ» ቀጥሎ «ኤ» ያስገባል፣ ሌላው «ኢ»። ሁለቱም አጻጻፍ ካርታ ላይም ታፔላ ላይም አለ። ዶሜይናችሁ ውስጥ የከተማዋ ስም ካለ ሌላኛውንም አጻጻፍ ገዝታችሁ ወደዚያው ሰርቨር አምጡት። እኔ ይህን ሳላደርግ ቆይቼ ስንት ቦታ ማስያዣ አየር ላይ እንደቀረ ፈጣሪ ይወቀው።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ እኛ ብቻ የምንወድቅበት ጉድጓድ አለ። እትዬ «ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ላክን ብለዋል» አሉኝ። ሎጉ ውስጥ፣ ሰርቨሩ የሠራውን በየሰዓቱ የሚመዘግብበት ፋይል ውስጥ፣ 03 የሚለውን ሰዓት ፈለግኩ። ባዶ ነው። «አሃ፣ ጭራሽ አልደረሰም» ብዬ ዲኤንኤስ ላይ ዘመትኩ። የጠዋት 3 ሰዓት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው። ሰርቨሬ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ነበር የሚሠራው፤ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ይላል። ስለዚህ መፈለግ የነበረብኝ 06 ላይ ነበር። ቀኑም እንዲሁ ነው፦ እሳቸው ጥር 2 ያሉትን ሎጉ ጃንዋሪ 10 ይለዋል። ያቺ አንዲት ስሌት ናት ማታዬን የበላችው።

አሁን ሰርቨሮቼን ሁሉ በ«ታይምዴትሲቲኤል» የአዲስ አበባ ሰዓት ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ይህን ስትቀይሩ የሎግ አገልግሎቱንም፣ «አርሲስሎግ» የሚባለውን፣ ሪስታርት አድርጉት። አለዚያ በድሮው ሰዓት መጻፉን ይቀጥላል።

ተመላሽ መልእክት ካለ ዕድለኞች ናችሁ። ብዙ ሰው በቴሌግራም ስክሪንሾት ይልክላችኋል፤ አስፈላጊዋ መስመር ሁልጊዜ ከታች ተቆርጣ ነው የምትመጣው። ጽሑፉን እንዳለ ኮፒ አድርገው እንዲልኩ ለምኗቸው። ውስጡ ኮድ፣ ምክንያትና የመለሰው ሰርቨር ስም አለ። የመለሰው ሰርቨር የእናንተ ካልሆነ ኢሜይሉ ሌላ ቤት ነው የሄደው። በቀጥታ ወደ ዲኤንኤሱ እለፉ።

ሎጉን ክፈቱ፣ ከዚያ ከውጭ ላኩ

ሎጉ «ቫር» ውስጥ፣ «ሎግ» ውስጥ፣ «ሜይል ነጥብ ሎግ» የሚባለው ፋይል ነው። «ቴይል ሰረዝ ኤፍ» ብላችሁ ክፈቱትና እየሮጠ ይቆይ። ፋይሉ ከሌለ አዳዲሶቹ ደቢያኖች ላይ «ጆርናልሲቲኤል» ያሳያችኋል። የቆዩ ቀናት ታሽገው ይቀመጣሉ፤ እነሱን በ«ዜድግሬፕ» መፈለግ ይቻላል።

ከዚያ ከጂሜይል አንድ አጭር ኢሜይል ላኩ። ከራሳችሁ ሰርቨር ወደ ራሳችሁ መላክ ዋጋ የለውም፤ በፊት በር አያልፍምና። ዓይናችሁን ስክሪኑ ላይ ተክላችሁ ጠብቁ። ከሦስት አንዱን ታያላችሁ። ምንም መስመር ካልመጣ አላንኳኳም። «ኮኔክት ፍሮም» ካለ በኋላ «ሪጀክት» ካለ አንኳኩቶ ተመልሷል። «ስታተስ ሴንት» ካለ ገብቷል፤ የጠፋው ቤት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ጊዜ የሚያባክኑ ሁለት ነገሮችን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ «መላክ እኮ ይሠራል» አትበሉ። መላኪያው ፖርት 587 ወይም 465 ነው፤ ከ25 ጋር አይገናኝም። ሁለተኛ፣ የራሳችሁን ዶሜይን ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉትን የላኪ ማረጋገጫዎች መጎርጎር አያስፈልግም። እነሱ እናንተ ለምትልኩት ናቸው። ገቢ ኢሜይል ሲቋረጥ መጀመሪያ እነሱን የሚያገላብጥ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ።

ጭራሽ ያላንኳኳ ከሆነ

ዶሜይኑ ጊዜው አላለፈም? መልሱ «ኧረ አላለፈም» ቢሆንም እዩት። ለውጭ አገር የሚከፍል ካርድ እዚህ እንደልብ አይገኝም፤ ከወንድም ወይም ከዘመድ ካርድ ጋር የተያያዘ ዶሜይን ካርዱ ሲያበቃ አብሮ ያበቃል። ማስታወሻው ደግሞ የሚላከው ወደዚያው መሥራት ወዳቆመው ኢሜይል ነው።

ቀጥሎ «ዲግ» በሚለው ትእዛዝ የዶሜይናችሁን ኤምኤክስ ጠይቁ። አንድ ቁጥርና አንድ ስም ይመልስላችኋል። ቁጥሩ ቅደም ተከተል ነው፤ ያነሰው ይቀድማል። ስሙ የግድ ስም መሆን አለበት። የአይፒ ቁጥር ማስገባት ስህተት ነው፣ ወደ ሲኔም፣ ማለትም የሌላ ስም ቅጽል ወደሆነ ስም፣ መምራትም እንዲሁ። አሁን ያንን ስም መልሳችሁ «ዲግ» አድርጉና የሚሰጣችሁ አይፒ የሰርቨራችሁ መሆኑን አረጋግጡ። ዲኤንኤሳችሁ ክላውድፍሌር የሚባለው ድርጅት ጋ ከሆነ የሜይል ስሙ ላይ ፕሮክሲው ይጥፋ። ያ ፕሮክሲ ለድረ ገጽ ነው፤ ፖርት 25ን አያሳልፍም።

በጣም የተለመደውን ልንገራችሁ። አንድ ሰው ድረ ገጹን ሊያሳምር ይመጣል። ኔምሰርቨሩን፣ የዶሜይኑን ዲኤንኤስ የሚይዘውን ሰርቨር፣ ወደ ሌላ ቦታ ያዞረዋል። ድረ ገጹን ይዞ ይሄዳል፣ ኤምኤክሱን ግን ይረሳዋል። ኤምኤክስ ሲጠፋ ላኪው ተስፋ አይቆርጥም፤ ደንቡ ራሱ የዶሜይኑን ኤ ሪከርድ፣ ስሙን በቀጥታ ከአይፒ ጋር የሚያያይዘውን፣ እንዲሞክር ይፈቅድለታል። ስለዚህ ኢሜይላችሁ ድረ ገጹ ያለበት ሰርቨር ላይ ሄዶ ያንኳኳል። ያ ሰርቨር ደግሞ አያውቃችሁም።

ዲኤንኤሱ ትክክል ከሆነ ፖርቱ ይቀራል። ሰርቨሩ ላይ «ኤስኤስ ሰረዝ ኤልቲኤንፒ» በሉ። ከ25 ፊት 127.0.0.1 ብቻ ካያችሁ ፖስትፊክስ የሚያዳምጠው ራሱን ነው፤ «ኢኔት ኢንተርፌስስ» የሚለውን ወደ «ኦል» ቀይሩና ሪስታርት አድርጉት። ከዚያ ፋየርዎሉን እዩ። ሁለት ፋየርዎል ሊኖር ይችላል፦ አንዱ ሰርቨሩ ላይ፣ ሌላው ያከራያችሁ ድርጅት ፓነል ላይ። ሁለተኛውን ነው ሰው የሚረሳው።

ከቤታችሁ ኢንተርኔት በ«ቴልኔት» ፖርት 25ን ሞክራችሁ አልከፍት ካለ ግን አትፍረዱ። ብዙ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ስፓምን ለመከላከል ከቤት የሚወጣውን ፖርት 25 ይዘጋሉ። የተዘጋው የእናንተ መውጫ ይሆናል እንጂ የሰርቨሩ መግቢያ ላይሆን ይችላል። ከሌላ ኪራይ ሰርቨር ሞክሩ። ደህና ከሆነ በ220 የሚጀምር ሰላምታ ይመልሳል።

ሰርቨሩ ቢሯችሁ ውስጥ ከሆነ የራውተሩን የውጭ አድራሻ እዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ከሌሎች ደንበኞች ጋር በምትጋሩት አድራሻ ጀርባ ናችሁ። ራውተሩ ላይ የምታደርጉት ሁሉ ከንቱ ነው። ቋሚ አይፒ ግዙ፣ ወይም ሰርቨር ተከራዩ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ተከራዩ።

አንኳኩቶ የተመለሰ ከሆነ

ቁጥሮቹን ማንበብ ልመዱ። በ4 የሚጀምር መልስ «አሁን አይሆንም፣ ቆይተህ ና» ማለት ነው። ላኪው ደጋግሞ ይመጣል፤ ፖስትፊክስ ራሱ ካልተነገረው በቀር 5 ቀን ይሞክራል። በ5 የሚጀምር «ሂድ፣ አትመለስ» ነው፤ ላኪው ተመላሽ መልእክት ይደርሰዋል። ስለዚህ ላኪው «ምንም አልተመለሰልኝም» ካለ የ4 ቤተሰብን ጠርጥሩ።

554 5.7.1 ከ«ሪሌይ አክሰስ ዲናይድ» ጋር ከመጣ ፖስትፊክስ ዶሜይኑን የእኔ ነው አላለም። «ፖስትኮንፍ ሰረዝ ኤን» ብላችሁ ዶሜይኑ «ማይ ዴስቲኔሽን» ውስጥ ወይም «ቨርችዋል ሜይልቦክስ ዶሜይንስ» ውስጥ መኖሩን እዩ። አንዱ ውስጥ ብቻ። ሁለቱም ውስጥ ካለ ሌላ ጣጣ ይጀምራል።

550 5.1.1 ተቀባዩ የለም ነው። አድራሻው በዝርዝሩ ውስጥ እያለ ይህ ከመጣ፣ ዝርዝሩን ካስተካከላችሁ በኋላ «ፖስትማፕ» ማለት፣ ማለትም ፖስትፊክስ ወደሚያነበው ቅርጽ መቀየር፣ ረስታችኋል። ሰው ስም እያሳሳተ ከሆነ የተለመዱትን ስህተቶች አንድ በአንድ አሊያስ፣ ወደ ትክክለኛው ሳጥን የሚመራ ተለዋጭ አድራሻ፣ አድርጉላቸው። ሁሉን የሚቀበል አድራሻ ግን አትክፈቱ፤ በሳምንት ውስጥ የስፓም ቆሻሻ መጣያ ትሆናላችሁ።

450 ወይም 451 ከ«ግሬይሊስት» ጋር ካያችሁ አልተበላሸም፣ እየተፈተነ ነው። ሰርቨራችሁ የማያውቀውን ላኪ ሆን ብሎ አንዴ ይመልሰዋል። ጉዳቱ የማረጋገጫ ኮዶች ላይ ነው፦ ኮዱ ሲደርስ ጊዜው አልፏል። እኔ አጥፍቼዋለሁ። አርስፓምዲ ያለ እሱም ሥራውን ይሠራል።

አንድ ቀን ሁሉም ላኪ፣ ጂሜይልም ጭምር፣ «ብላክሊስት ላይ ነህ» ተብሎ ሲመለስ ካያችሁ ዓለም ሁሉ ስፓመር ሆኖ አይደለም። ስፓምሃውስን፣ የስፓም ላኪዎችን ዝርዝር የሚይዘውን ድርጅት፣ በ8.8.8.8 ወይም በመሰለው የሕዝብ ዲኤንኤስ በኩል ስትጠይቁት «በዚህ መንገድ አልመልስም» ለማለት 127.255.255.254 ይመልሳል። ፖስትፊክስ ውስጥ የትኛው መልስ እንደሚቆጠር ካልገደባችሁ ያንን «አዎ፣ ዝርዝሩ ላይ አለ» ብሎ ይረዳዋል። በቃ፣ ሁሉም ይመለሳል። መፍትሔው «አንባውንድ» የሚባለውን የዲኤንኤስ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ተክሎ ዲኤንኤሱን በራስ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ እኔ ማታ። ከአራት ሰዓት በኋላ የጂሜይል ሙከራ መላክ ትዝ አለኝ። ላክኩ። ወዲያው ሁለት መስመር መጣ። አንደኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ በወረፋው ማስቀመጫ በቂ ባዶ ቦታ የለም ይላል። ሁለተኛው 452 4.3.1፣ «ኢንሰፊሸንት ሲስተም ስቶሬጅ»። ዲስኩ ሞልቷል። ባካፕ እንዲያደርግ የጻፍኩት ስክሪፕት በየማታው አዲስ ፋይል ይጨምራል፤ አሮጌውን አያጠፋም። ያንን ሁሉ የጠራቀምኩት እኔው ነኝ። ፖስትፊክስ ደግሞ ዲስኩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ባዶው ቦታ ከሚፈቅደው ትልቁ ኢሜይል አንድ ተኩል እጥፍ በታች ሲሆን በሩን ይዘጋል። ለዚህ ነው ሌላው ነገር ሁሉ ደህና እየሠራ ኢሜይል ብቻ የቆመው።

«ዲኤፍ ሰረዝ ኤች» ብላችሁ ዲስኩን እዩ። ቦታ ያለ ከመሰለ «ዲኤፍ ሰረዝ አይ» በሉ፤ የጥቃቅን ፋይሎች ብዛትም ሊሞላ ይችላል። አሮጌ ባካፖቹን አጠፋሁ። ሌላ ምንም አልነካሁም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ኢሜይል ገባ፣ ከዚያ ሌላ። 452 የ4 ቤተሰብ ነውና ላኪዎቹ ሲመላለሱ ነበር የቆዩት። ሲነጋ የፈረንጆቹ ሦስቱም ደብዳቤዎች ተደርድረው እትዬ ስልክ ላይ ነበሩ፣ የሦስተኛው ቁጣ ጭምር።

የአታችመንት ጉዳይ አጭር ነው። ፖስትፊክስ ካልቀየራችሁት የሚቀበለው እስከ 10240000 ባይት ነው፤ ፋይል ሲላክ ደግሞ በሲሶ ያህል ይወፍራል። ስለዚህ 8 ሜጋባይት የሆነ የፓስፖርት ስካን በ552 ይመለሳል። «መሴጅ ሳይዝ ሊሚት» ላይ ከፍ አድርጉት።

ገብቶ የጠፋ ከሆነ

«ሜይልኪው» ብላችሁ ወረፋውን እዩ። እዚያ ከተኮለኮለ ፖስትፊክስ ተቀብሏል፣ ዶቭኮት ግን አልተረከበውም። ምክንያቱ ከየመስመሩ ሥር ተጽፏል። አብዛኛውን ጊዜ ዶቭኮት ቆሟል፣ ወይም ሁለቱ የሚገናኙበት ሶኬት ፈቃዱ ተበላሽቷል፣ ወይም የሰውየው ሳጥን ሞልቷል። ካስተካከላችሁ በኋላ «ፖስትኪው ሰረዝ ኤፍ» ወረፋውን ወዲያው ያንቀሳቅሰዋል።

ወረፋው ባዶ ከሆነ ጃንክ ፎልደሩን እዩ። ስልክ ላይ ያለው ፕሮግራም አንዳንዴ ጃንክን ጭራሽ አያሳይም፤ ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ በ«ዶቭአድም ሰርች» ፈልጉ። አርስፓምዲ የሰጠውን ነጥብ የኢሜይሉ ራስጌ ላይ ታገኙታላችሁ።

ከዚህ ሁሉ ያለፈ አንድ ሌባ አለ። አንድ ሌላ ቤት ጠዋት የታየ ኢሜይል ከሰዓት ይጠፋል ተባልኩ። ሎጉ ንጹህ ነው። ሄጄ ሳይ ሪሴፕሽኑ ላይ፣ በዳንቴል የተሸፈነ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ከዓመታት በፊት በፖፕ3 የተሞላ ፕሮግራም ውስጡ ይሠራል። በየአሥር ደቂቃው ኢሜይሉን አውርዶ ከሰርቨሩ ይሰርዛል። ሎጉ ውስጥ «ፖፕ3 ሎጊን» ብላችሁ ብትፈልጉ እንዲህ ያለውን ከወንበራችሁ ሳትነሱ ትይዙታላችሁ። እኔ ግን ታክሲ ይዤ ሄድኩ።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ

ሰርቨሩ በአገር ቤት መብራት የሚሠራ ከሆነ ይህ ክፍል ለእናንተ ነው። መብራቱ አንድ ሌሊት ቢጠፋ አትደንግጡ። ላኪዎቹ ለቀናት ስለሚመላለሱ ኢሜይሉ አይጠፋም። ተጠባባቂ ሁለተኛ ሰርቨር ትከሉ የሚሏችሁን አትስሙ፤ ለትንሽ ቤት ትርፉ ስፓም ነው።

ችግሩ መብራቱ ሲመለስ ነው። አንዱ አገልግሎት ሲነሳ ሌላው ተኝቶ ይቀራል፤ ሦስቱንም በ«ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል» በራሳቸው እንዲነሱ አድርጉ። አዘዞ ያለ ወዳጄ ቢሮ ያጋጠመን ደግሞ ሌላ ነው። የዴስክቶፑ የማዘርቦርድ ባትሪ አልቆ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ዓመታት ወደኋላ ተመልሶ ይነሳል። እኛ ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነን፤ እሱ ግን ከእኛም ብሶ ነበር። ሰዓቱ ሲዛባ የኢንክሪፕሽን ሰርተፍኬቱ «ገና አልጀመረም» ይባላል፤ ስልኮች መግባት ያቅታቸዋል፤ ሎጉም ያለፈ ዘመን ቀን ይጽፋል። መድኃኒቱ ሳንቲም የምታህል ባትሪና ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክል «ክሮኒ» የሚባል ፕሮግራም ነው።

ሰርተፍኬት ካነሳን፣ ሰርተፍኬት ሰጪው ሌትስ ኢንክሪፕት ለ90 ቀን የሚሰጠው ቢያልፍባችሁ ስልኮች ይጮሃሉ እንጂ ብዙውን ጊዜ ፖርት 25 ላይ ኢሜይል መግባቱን አያቆምም። አብዛኞቹ ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው ሰርተፍኬቱን አያጣሩም። ላኪዎች ሰርተፍኬቱን እንዲያጣሩ የሚጠይቀውን ኤምቲኤ ኤስቲኤስ አስገዳጅ አድርጋችሁ ከሆነ ግን ያቆማል።

ከመደወላችሁ በፊት

«ፖስትፊክስ ቼክ» በሉ፤ ዝም ካለ ደህና ነው። ከሁለት የተለያዩ አድራሻዎች፣ አንዱን ከአታችመንት ጋር፣ ኢሜይል ላኩ። ሎጉ ላይ «ስታተስ ሴንት» እስኪል፣ ስልኩም ላይ እስኪታይ ጠብቁ። በየቀኑ ዲስኩን የሚያይና 80 ከመቶ ሲያልፍ በቴሌግራም የሚነግራችሁ ትንሽ ስክሪፕት አሁኑኑ ጻፉ። በኢሜይል እንዲነግራችሁ አታድርጉ፤ ዲስኩ ሲሞላ ያ ኢሜይልም ውጭ ይቀራል።

ከዚያ እትዬ ጋ ደውሉ። እሳቸው የሚጠይቋችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰዎቹ ክፍሉን ያዙት ወይ?»